ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደ መድኃኒት ኩባንያ፦ ለሐኪም የትኛው ክፍል? ከመልቀቅ በፊትስ ምን ይጣራ?

ኢንዶክሪን_ኦሃዮ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄውን በአጭሩ ላስቀምጥ። የኢንዶክሪን ስፔሻሊስት፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ረዳት ፕሮፌሰር፣ ቪዛው በዩኒቨርሲቲው በኩል የወጣ ኤች-ዋን-ቢ፣ በሁለት የስኳር መድኃኒት ሙከራዎች ላይ ንዑስ ተመራማሪ። እንዲህ ያለ ሰው ወደ መድኃኒት ኩባንያ ልግባ ቢል የትኛው ክፍል ይመቸዋል? ማስታወቂያው ሁሉ «በኢንዱስትሪ የ3 ዓመት ልምድ» ይላል፤ ይህ በር በምን ይከፈታል? ሰው የሚሰናከለውስ ምን ላይ ነው? ስለ ደመወዙ የሚወራውን ብዙ ሰምተናል፤ የምፈልገው የሥራውን ዝርዝር ነው።

የሙከራ_ሐኪም፦

ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ። ከኩባንያው ስም በፊት ክፍሉን ይምረጡ። «ሜዲካል ዳይሬክተር» የሚለው ማዕረግ ቢያንስ በሦስት ክፍሎች ውስጥ አለ፤ ሥራው ግን ለየቅል ነው።

ክሊኒካል ዴቨሎፕመንት ገና ያልጸደቀ መድኃኒት የሚይዝ ክፍል ነው። ፕሮቶኮል (የሙከራው ዝርዝር ዕቅድ) የሚጻፈው፣ ሙከራው ሲሄድ በሕክምና በኩል የሚጠበቀው፣ ዳታቤዙ ከተዘጋ በኋላ ውጤቱ የሚተረጎመውና ለኤፍ ዲ ኤ (ለአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) የሚቀርበው ሰነድ የሚሰናዳው እዚያ ነው። ሜዲካል አፌርስ ደግሞ መድኃኒቱ ገበያ ሊገባ ሲቃረብ ጀምሮ ከሐኪሞች ጋር ያለውን የሳይንስ ግንኙነት ይይዛል፦ የኅትመት ዕቅድ፣ የአማካሪ ሐኪሞች ስብሰባ፣ መስክ የሚወጡ ኤም ኤስ ኤሎችን (ከሐኪሞች ጋር ስለ ሳይንሱ የሚነጋገሩ የኩባንያው ተወካዮች) ማሠልጠን፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ከሕግና ከሪጉላቶሪ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ መመርመር። ሦስተኛው የመድኃኒት ደኅንነት ነው፤ እሱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

እንደ ጠቀሱት ያለ፣ ሳይት ላይ (ሙከራው በሚካሄድበት ሆስፒታል) የሠራ ሐኪም ለክሊኒካል ዴቨሎፕመንት ቅርብ ነው። ረዳት ፕሮፌሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው አሶሼት ሜዲካል ዳይሬክተር ወይም ሜዲካል ዳይሬክተር ሆኖ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ነገር ላሳይ። የ2ኛ ዓይነት ስኳር ሙከራ ነው እንበል፤ የመግቢያ መስፈርቱ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ (የወራት አማካይ የደም ስኳር መለኪያ) ከ7.0 እስከ 10.5 በመቶ ይላል። ከአንድ ሳይት ስልክ ይደወላል፦ «ታካሚው 10.6 ወጣ፤ ሌላው ሁሉ ልክ ነው፤ ፍቀዱልን።» ክሊኒክ ያሳደገው ሐኪም አፉ ላይ የሚመጣው «እሺ» ነው፤ ደሙ ነገ ቢለካ 10.4 ሊል ይችላልና። ትክክለኛው መልስ ግን «አይሆንም» ነው። ሜዲካል ሞኒተሩ (ሙከራውን በኩባንያው በኩል የሚከታተለው ሐኪም) ከመስፈርቱ ውጭ ፈቃድ ከሰጠ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ተቆጣጣሪውም ሳያውቁ ፕሮቶኮሉን በኢሜይል ለወጠ ማለት ነው። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚያነበው ያንን ኢሜይል ነው። ማድረግ የሚቻለው ፕሮቶኮሉ ዳግም ስክሪኒንግ ይፈቅድ እንደሆነ ማየት ነው፤ ከፈቀደ ታካሚው በተባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይለካል። በዚህ መስፈርት ብቻ የሚወድቀው ሰው ከበዛ ደግሞ ችግሩ ከመስፈርቱ ነው፤ ማሻሻያ ተጽፎ፣ ጸድቆ፣ ለሁሉም ሳይት እኩል ይቀየራል። በቃለ መጠይቅ ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። «ለታካሚው ስል እፈቅድ ነበር» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃለታል።

ሌላው ልዩነት የትዕዛዝ ጉዳይ ነው። በዋርድ ሐኪም ያዝዛል፣ ይፈጸማል። እዚህ የስታቲስቲክስ ባለሙያው፣ የኦፕሬሽን ኃላፊዋ፣ የሪጉላቶሪና የዳታ ሰዎች ከእርስዎ ጋር እኩል ናቸው፤ ማንኛቸውም የእርስዎ የበታች አይደሉም። የናሙና ቁጥሩ ከ600 ወደ 900 ይደግ ብለው ካሰቡ ዋጋውን፣ ጊዜውንና የስታቲስቲክሱን ምክንያት ይዘው ማሳመን አለብዎት።

ደኅንነት_ዴስክ፦

ስለ ደኅንነቱ ክፍል ልጨምር፤ ብዙ ሐኪም «የወረቀት ሥራ ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ያሳዝነኛል። የክሊኒክ ዓይን እንደዚያ የሚፈለግበት ቦታ ጥቂት ነው።

መሠረቱ ይህ ነው። አንድ ሪፖርት ተቀባይነት እንዲኖረው አራት ነገር ይበቃዋል፦ ማንነቱ ሊለይ የሚችል ታካሚ፣ ማንነቱ ሊለይ የሚችል ሪፖርት አድራጊ፣ የተጠረጠረ መድኃኒት፣ የደረሰ ክስተት። አራቱ ለማንኛውም የኩባንያው ሠራተኛ በደረሱበት ቀን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ያ ቀን «ቀን ዜሮ» ይባላል። ቅዳሜም ሆነ የፋሲካ ዕለት ለውጥ የለውም። ሳይቱ ከባድ ክስተት ሲያይ ለስፖንሰሩ (ሙከራውን ለሚያስኬደው ኩባንያ) ወዲያው መንገር አለበት፤ ፕሮቶኮሎች አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ይላሉ። በአሜሪካ በሙከራ ላይ ባለ መድኃኒት የተጠረጠረ፣ ከባድና ያልተጠበቀ ጉዳት በ15 የካሌንደር ቀን ውስጥ ለኤፍ ዲ ኤ ይደርሳል፤ ገዳይ ወይም ለሕይወት አስጊ ከሆነ 7 ቀን ነው። «ያልተጠበቀ» የሚባለው ሐኪሙ ስላልጠበቀው አይደለም። በመመርመሪያ ብሮሹሩ (ስለ ሙከራው መድኃኒት የሚታወቀው በተሰበሰበበት ሰነድ) ላይ በዚያ ዓይነትና በዚያ ክብደት ካልተጻፈ ነው። አዲስ ገቢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳቱት ይቺን ነው፤ ብሮሹሩ ሄፓታይተስ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ጉበት ሙሉ በሙሉ ሥራ ማቆሙ ያልተጠበቀ ነው።

የጉበትን ነገር ካነሳሁ፣ የሃይ ሕግን (በመድኃኒት የሚመጣ ከባድ የጉበት ጉዳት መለያውን) በቃል ይያዙት። የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤ ኤል ቲ ወይም ኤ ኤስ ቲ ከላይኛው መደበኛ ወሰን 3 እጥፍና ከዚያ በላይ፣ ቢሊሩቢን ከ2 እጥፍ በላይ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ መጀመሪያ ላይ ያልናረ፣ ሌላ ምክንያትም ያልተገኘ ከሆነ፣ አንድ ታካሚ ብቻ እንኳ መላውን ፕሮግራም ሊያስቆም ይችላል። «ሌላ ምክንያት ያልተገኘ» የምትለው ሐረግ ናት ሐኪም የሚያስፈልጋት። ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲና ኢ ተመርምሯል? አልትራሳውንድ ታይቷል? ታካሚው ከቤት የሚወስደው ባህላዊ መድኃኒት አለ? ሳይቱ «ቫይራል ሄፓታይተስ የለም» ብሎ ቢጽፍ፣ የትኛው ምርመራ፣ በየትኛው ቀን፣ ብሎ የሚጠይቀው የደኅንነት ሐኪሙ ነው።

የማይመቸውም አለ። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከጽሑፍ ጋር ነው፤ ታካሚውን አያዩትም። ይህን መሸከም የማይችል ሰው ሊሰለቸው ይችላል።

ትርንጎ፦

ኤም ኤስ ኤል መሆንስ? ለሐኪም ወደ ኋላ መመለስ ነው የሚሉ አሉ። ቦታውን በብዛት ፋርማሲስቶችና ፒ ኤች ዲዎች ናቸው የያዙት።

ሰነድ_አንባቢ፦

እህት ትርንጎ፣ ማነስ አይደለም፤ ግን ሥራው ምን እንደሆነ አውቆ መግባት ያስፈልጋል። ኤም ኤስ ኤል የተሰጠው ክልል አለ፤ ከሥራ ጊዜው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ነው፤ የሚያገኘው ባለሙያዎችን ነው። የሽያጭ ኮታ የለበትም፣ ከሽያጭ ሰዎችም ተለይቶ ይሠራል። ሌብሉ (የጸደቀው የመድኃኒቱ መግለጫ) ላይ ስለሌለ ጥቅም መናገር የሚችለው ሐኪሙ በራሱ ፈቃድ ሲጠይቅ ነው፤ ራሱ ጥያቄውን እየቆሰቆሰ አስጠይቆ መመለስ አይፈቀድለትም። ጥያቄው ይመዘገባል፣ መልሱም በተጠየቀው ልክ ይሆናል። ክሊኒክ ውስጥ «ይህ መድኃኒት ለዚያም ይሠራል» ማለት የለመደ ሐኪም እዚህ ላይ ምላሱን መግራት ይኖርበታል።

ሬዚደንሲ ያልጨረሰ ወይም በአሜሪካ ፈቃድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለእሱ ኤም ኤስ ኤል፣ የደኅንነት ክፍል ጀማሪ ሥራና የሙከራ አስተባባሪነት እውነተኛ መግቢያዎች ናቸው። ሬዚደንሲና ፌሎውሺፕ ጨርሶ ቦርድ ያለው ሰው ኤም ኤስ ኤል ከሆነ ደግሞ፣ ወደ ክሊኒካል ዴቨሎፕመንት ለመዞር ሁለተኛ ሽግግር ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ «3 ዓመት ልምድ» የምትለው መስመር። ብዙ ቀጣሪ እንደ ልምድ የሚያያቸው ነገሮች በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ፤ ሲቪው ላይ ግን ገጽ 19 ላይ ተቀብረው ነው የሚገኙት። የራስን አይ ኤን ዲ (አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ለመሞከር ለኤፍ ዲ ኤ የሚቀርብ ማመልከቻ) ይዞ ስፖንሰርም ተመራማሪም መሆን ከሁሉ የበለጠው ነው፤ ምክንያቱም ፎርም 1571 ሞልቶ፣ የደኅንነት ሪፖርቱን ራሱ ልኮ፣ ዓመታዊ ሪፖርት ጽፎ ያውቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሳይት ዋና ተመራማሪነት፣ በዳታና ደኅንነት ተቆጣጣሪ ቦርድ አባልነት፣ በክስተት ዳኝነት ኮሚቴ መቀመጥ ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ዩኒቨርሲቲውን ሳይለቁ በፊት ከንዑስ ተመራማሪነት ወደ ዋና ተመራማሪነት ከፍ ለማለት 12 ወር መስጠት ያዋጣል።

ሲቪው ሁለት ገጽ ይሁን። 30 ገጹን የሚፈልግ ይጠይቃል። «የፌዝ 3 ሙከራ ንዑስ ተመራማሪ» የሚለው ምንም አይናገርም። በምሳሌ ላስቀምጠው፦ «በ14 ወር 41 ሰው ስክሪን ተደርጎ 18 የገቡበት ሳይት፤ የመግቢያ ውሳኔና የከባድ ክስተት ግምገማ ኃላፊ፤ በኢንስፔክሽን ከባድ ግኝት አልተገኘም።» ቁጥር፣ ውሳኔ፣ ውጤት። የኅትመት ዝርዝሩ ከአምስት አይበልጥ፤ ቀጣሪው ማየት የሚፈልገው የዳታ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው መሆንዎን ነው።

ማመልከቻ በመቶ መበተኑ ብዙም አይጠቅምም። ክሊኒኩ የሚመጣውን ኤም ኤስ ኤል፣ ሳይቱን የሚያየውን ሞኒተር፣ አሁን ያሉበት ሙከራ ሜዲካል ሞኒተር ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የ20 ደቂቃ ውይይት ብቻ ይለምኑ። ሥራ አይለምኑ፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁ። «ገንዘብ ከፍለህ ኩባንያ አስገባሃለሁ» የሚልን ሰው ግን ይተዉት፤ ሪክሩተርን የሚከፍለው ቀጣሪው ነው።

የሙከራ_ሐኪም፦

ሰነድ_አንባቢ ባለው ላይ ስለ ቃለ መጠይቁ ልጨምር። ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ገለጻ ያዘጋጁ ይላሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት፣ ሐኪሙ ያለበትን የሌላ ስፖንሰር ሙከራ ያልታተመ ዳታ ማቅረብ ነው። ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሟል። ያን ስላይድ ያየ ቀጣሪ ነገ የእኛንም ምስጢር እንዲህ ያወጣዋል ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ የታተመውን ብቻ ይያዙ።

ለኢንዶክሪን ሰው አንድ ጥሩ ልምምድ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤፍ ዲ ኤ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች ልብን እንደማይጎዱ ይረጋገጥ የሚል መመሪያ አወጣ። ከዚያ ከመጡት ሙከራዎች አንዱ የኢምፓግሊፍሎዚኑ ኢምፓ-ሬግ አውትካም ነው፤ 7,020 ሰው፣ በ2015 የታተመ፣ በልብ ምክንያት የሚመጣውን ሞት በ38 በመቶ ቀነሰ የተባለ። ሐኪም ያነበበው ጽሑፉን ነው። እርስዎ ግን በሰኔ 2016 ለኤፍ ዲ ኤ አማካሪ ኮሚቴ የቀረበውን ሰነድ ያንብቡ። ኮሚቴው ለመድኃኒቱ የሰጠው ድምፅ 12 ለ 11 ነበር። እንዲህ ያማረ ውጤት በአንድ ድምፅ ብቻ ለምን አለፈ? ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ምክንያታቸው በሰነድ ሊረጋገጥ ያልቻለ ሞቶች እንደ ልብ ሞት መቆጠራቸው ነው። ሙከራው ሲታቀድ ዋናው ዓላማ አለመጉዳቱን ማሳየት እንጂ ሞትን መቀነስ አልነበረም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መድኃኒቱ ለዚያ ጥቅም ጸደቀ። «ይህን ፕሮቶኮል እንደገና ብጽፈው የሞት ምክንያት ማጣሪያውን እንዲህ አደርገው ነበር» ብሎ አንድ ስላይድ ማቅረብ፣ ስለ ራስ ምርምር ከሚሠሩ ዐሥር ስላይዶች ይበልጣል።

ፕሮቶኮል ማግኘትም ቀላል ሆኗል። ዋናው መለኪያቸው ከጥር 18፣ 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጠናቀቀና ሕጉ የሚመለከታቸው ሙከራዎች፣ ውጤታቸው ሲለጠፍ ፕሮቶኮሉና የስታቲስቲክስ ዕቅዱም በክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ አብረው ይለጠፋሉ። ሦስቱን ጎን ለጎን ከፍተው የመግቢያ መስፈርታቸውን ያነጻጽሩ። ከጂ ሲ ፒ (ከሙከራ አሠራር ዓለም አቀፍ መመሪያ) ደግሞ በጥር 2025 የወጣውን ሦስተኛውን የኢ6 ማሻሻያ ይያዙ። ሁለተኛውን ብቻ አንብቦ መሄድ ያስታውቃል። የስታቲስቲክስ መመሪያውን የኢ9ን ተጨማሪ፣ ኤስቲማንድ (ሙከራው በትክክል የሚለካው ምን እንደሆነ) የሚለውን፣ ሳያውቁ ግን የስታቲስቲክስ ሰው ፊት አይቅረቡ፤ «መድኃኒቱን ያቆመው ታካሚ ውጤቱ እንዴት ይቆጠራል?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ቪዛ_ነክ፦

ዶክተር፣ ሁሉም ስለ ሥራው ነገረዎት፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምፈራልዎት ኤች-ዋን-ቢውን ነው። በዩኒቨርሲቲ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ጋር በተሳሰረ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል የወጣ ኤች-ዋን-ቢ ከዓመታዊው ኮታ ነፃ ነው። የመድኃኒት ኩባንያ ግን ኮታ አለበት። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው «ቪዛውን ማዛወር» የሚባለው ነገር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ከዚህ በፊት በኮታ ውስጥ ተቆጥረው የማያውቁ ከሆነ በመጋቢት ወር ተመዝግበው በምርጫው መውጣት ይኖርብዎታል፤ ሥራውም የሚጀምረው ከጥቅምት 1 ጀምሮ ነው፤ ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኩባንያው በሐምሌ «በሚቀጥለው ወር ና» ካለና እርስዎ ለዩኒቨርሲቲው መልቀቂያ ካስገቡ፣ ሁለቱንም ሊያጡ ይችላሉ።

በጄ-ዋን (በሥልጠና ልውውጥ ቪዛ) መጥቶ፣ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታውን በኮንራድ 30 (ሐኪም በሚያንስበት አካባቢ በማገልገል) ያስነሣ ሐኪም ደግሞ የ3 ዓመት የሙሉ ጊዜ አገልግሎቱን ሳይጨርስ ወደ ኩባንያ መሄድ የለበትም። በተለየ ምክንያት ካልተፈቀደለት በቀር ያ የሁለት ዓመት ግዴታ ይመለስበታል።

መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ግሪን ካርድ ነው። የኢ ቢ-2 የብሔራዊ ጥቅም መንገድም ሆነ ኢ ቢ-1 ኤ፣ አሠሪ ሳያስፈልግ ራስን ማቅረብ ይቻላል። በዲቪ የመጣችሁ ወይም ዜግነት ያላችሁ ይህን መልእክት እለፉት።

ሸዋዬ_ኤም፦

ቪዛ_ነክ ላለው አንድ ማስተካከያ። ኮታ ነፃውን ሥራ ሳይለቁ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ኮታ ባለበት ኩባንያ በተጨማሪ ኤች-ዋን-ቢ መሥራት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው በትርፍ ሰዓት ከቀጠለ ማለት ነው። ግን የዩኒቨርሲቲው ሥራ በተቋረጠ ጊዜ የኩባንያውም ነፃነት አብሮ ያበቃል።

ቪዛ_ነክ፦

ልክ ነዎት እህቴ፤ አመሰግናለሁ። ሁለቱም አሠሪዎች መስማማት ስላለባቸው ከሕግ ባለሙያ ጋር ከደብዳቤው በፊት መነጋገር ነው።

ሒሳብ_በእጅ፦

የገንዘቡን በኩል ልጻፍ፤ የሚያስቆጨው ትንንሹ ነገር ነውና።

የደመወዙን ልክ ለማወቅ በሰው ወሬ አትሂዱ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ማሳቹሴትስ ማስታወቂያ ላይ የደመወዝ ወሰን እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው፤ የመድኃኒት ኩባንያዎች ደግሞ በእነዚህ ክፍለ ግዛቶች የተሰበሰቡ ናቸው። የዚያኑ ማዕረግ ዐሥር ማስታወቂያ ሰብስቡ፣ መካከሉን አውጡ። ከመሠረቱ ደመወዝ ሌላ ዓመታዊ ቦነስ በመቶኛ፣ በ3 ወይም 4 ዓመት እየተከፋፈለ የሚሰጥ አክሲዮን፣ የመግቢያ ክፍያ አለ። የመግቢያ ክፍያው በ12 ወይም በ24 ወር ውስጥ ከለቀቁ ይመለሳል ይላል፤ ኩባንያው ራሱ ከቀነሰዎት እንደማይመለስ በጽሑፍ ያስገቡት።

አክሲዮኑ እጅዎ ሲገባ እንደ ደመወዝ ይታሰባል፤ የፌዴራል ግብር አብዛኛውን ጊዜ 22 በመቶ ብቻ ነው የሚቆረጠው። የሐኪም ቤተሰብ ትክክለኛ እርከኑ 32 ወይም 35 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን በሚያዝያ በአንድ ጊዜ ይጠይቁዎታል። ያንን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡት።

ከዩኒቨርሲቲው በኩል ሦስት ነገር። የትምህርት ብድር ካለ፣ በፒ ኤስ ኤል ኤፍ (የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች የብድር ስረዛ) ብድሩን የሚያሰርዘው 120 ወርኃዊ ክፍያ ለትርፍ ባልቆመ ወይም በመንግሥት ቤት እየሠሩ ሲከፈል ነው፤ 108 ላይ የደረሰ ሰው ኩባንያ ከመግባቱ በፊት ያችን 12 ወር ቢቆጥር ያዋጣዋል። በአሠሪው በኩል ያለው የጡረታ ቁጠባ 403-ቢ ከሆነ በቀላሉ ይዛወራል። 457-ቢ ከሆነ ግን አሠሪው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የግል ብላችሁ ጠይቁ። የመንግሥቱ ይዛወራል። የግሉ ወደ ራስ የጡረታ ሒሳብ (አይ አር ኤ) ሆነ ወደ አዲሱ አሠሪ ጡረታ አይዛወርም፤ ደንቡ እንደሚለው ከለቀቁ በኋላ ባንድ ጊዜ ሊከፈልና አዲሱ ትልቅ ደመወዝ ላይ ተደርቦ ግብሩን ሊያንረው ይችላል። የአከፋፈል ምርጫ ካለ ቀነ ገደቡ አጭር ነው።

ሦስተኛው የሕክምና ስሕተት መድን ነው። «ክሌምስ-ሜድ» (መድኑ በሥራ ላይ ሳለ የተነሣን ክስ ብቻ የሚሸፍን) ከሆነ፣ ከለቀቁ በኋላ ለሚነሣ ክስ የሚሸፍን ቴይል ያስፈልጋል፤ ዋጋው ከአንድ ዓመቱ ክፍያ በልጦ ሊሄድ ይችላል። ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ እዩ። የመልቀቂያ ማስታወቂያውም 60 ወይም 90 ቀን ሊሆን ይችላል።

ከጎንደር፦

ወንድሞችና እህቶች፣ ጥሩ ትምህርት ነው። አገር ቤት ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሚያስተምር ሐኪምስ በር አለ? ወይስ ይህ ሁሉ አሜሪካ ላለ ሰው ብቻ ነው?

ደኅንነት_ዴስክ፦

አለ፤ መልኩ ግን ይለያል። አገር ቤት ያሉት ፋብሪካዎችና የውጭ ኩባንያ ወኪሎች የሚፈልጉት በብዛት ፋርማሲስት ነው። ለሐኪም ቅርቡ በር ሙከራው ራሱ ነው። እናንተ ዘንድ ጎንደር ላይ ለካላ አዛር መድኃኒት ከዲ ኤን ዲ አይ (ለትርፍ ካልቆመ የመድኃኒት ምርምር ድርጅት) ጋር የተካሄዱ ሙከራዎች አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የምርምር ተቋማቱ አህሪና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲ ዲ ቲ-አፍሪካ አሉ። እዚያ በዋና ተመራማሪነት ወይም በሜዲካል ሞኒተርነት የተሠራ ሥራ ለኩባንያ የሚነበብ ልምድ ነው። ፕሮቶኮሉ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዴት እንደሚጸድቅ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ በየትኛው ደረጃ እንደሚያልፍ፣ የሙከራው መድኃኒት ወደ አገር እንዴት እንደሚገባ የሚያውቅ ሐኪም፣ በአፍሪካ ሙከራ ለሚያስብ ስፖንሰር ብርቅ ነው።

ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት ቲዲአር ፕሮግራም ነው። ከታዳጊ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎችን ለአንድ ዓመት ገደማ በመድኃኒት ኩባንያዎችና በምርምር ድርጅቶች ውስጥ እያስቀመጠ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ሁኔታው ከተቋም ተቀጥሮ መገኘትና ወደዚያው መመለስ ነው። ስለዚህ ከዲኑ የድጋፍ ደብዳቤ ቀድሞ ማግኘት ግድ ነው። የጂ ሲ ፒ ሠርተፊኬት በግሎባል ኸልዝ ኔትዎርክ ላይ በነፃ ይወሰዳል።

ወደ ገልፍ ለሚያስቡ፣ ሳዑዲ የመድኃኒት ደኅንነት ኃላፊው እዚያው አገር ነዋሪ እንዲሆን ትጠይቃለች፤ የቀጣናው ቢሮዎች ደግሞ በብዛት ዱባይ ናቸው። አውሮፓም ተመሳሳይ ነው፤ ኩባንያው የሚሾመው የፋርማኮቪጂላንስ ኃላፊ በኅብረቱ ውስጥ መኖር አለበት። ጀርመን ከዚህ ሌላ በራሷ ሕግ ሽቱፌንፕላንቤአውፍትራግተር የሚባል የደኅንነት ኃላፊ እንዲሾም ታስገድዳለች፤ የጀርመንኛ ደረጃ የሌለው እዚያ አይገባም። እንግሊዝ ላይ ደግሞ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሳይወጣ በፊት የሚፈርም ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያስፈልጋል፤ ያ ፊርማ ለጀማሪ ሐኪም ጥሩ መግቢያ ነው፤ የሙያ ምዝገባ ግን ይጠይቃል።

ኢንዶክሪን_ኦሃዮ፦

እግዜር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረ። ትልቅ ኩባንያ ወይስ ትንሽ ባዮቴክ? ደግሞስ በሳምንት ግማሽ ቀን ክሊኒክ መያዝ ይቻላል?

ሒሳብ_በእጅ፦

ባዮቴኩ አክሲዮኑ ገበያ ላይ ከሆነ፣ ለኤስ ኢ ሲ (ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ) የሚያስገባውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ከፍተው ሁለት ቁጥር ይፈልጉ፦ በእጁ ያለው ገንዘብና በሩብ ዓመቱ ለሥራ ያጠፋው። 180 ሚሊዮን ይዞ በሩብ ዓመት 30 ሚሊዮን የሚያጠፋ ለስድስት ሩብ፣ ማለትም ለ18 ወር ይበቃዋል። አሁን ያንን ከሙከራው የጊዜ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። ውጤቱ የሚወጣው በ24ኛው ወር ከሆነ፣ ገንዘብ የሚሰበስበው ውጤት ሳይይዝ ነው፤ ካላገኘ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሠራተኛ ነው። በቃለ መጠይቅ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ትልቁም ዋስትና አይደለም፤ የምርት መስመር ሲዘጋ ክፍሉ በሙሉ ይሄዳል። በአሜሪካ 100ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በጅምላ ሲቀንስ የ60 ቀን ማስታወቂያ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል፤ ለኤች-ዋን-ቢ ሰው ግን ወሳኙ ሥራው ካበቃ በኋላ አገር ውስጥ ለመቆየት የሚፈቀደው ሌላ እስከ 60 ቀን ነው።

የሙከራ_ሐኪም፦

ለመጀመሪያ ሥራ ትልቁን እመርጥልዎታለሁ። ፕሮቶኮል እንዴት እንደሚገመገም፣ የደኅንነት ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ የሚያሳይዎት ሰው አጠገብዎ ይኖራል። ትንሹ ቤት ውስጥ ሐኪሙ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሲሳሳት የሚያርመው የለም፤ የሚጎዳው ደግሞ ታካሚው ነው።

ስለ ክሊኒኩ፦ ብዙ ኩባንያ ግማሽ ቀን ይፈቅዳል፤ ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ይያዙት፤ ከገቡ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ይጓተታል። የኩባንያው መድን ያንን ክሊኒክ አይሸፍንም፤ ክሊኒኩ ራሱ ይሸፍን። ቪዛው ሳይስተካከል ደግሞ ክሊኒኩ ሁለተኛ አሠሪ ነውና ያለ ማመልከቻ አይሞከርም። ኩባንያው የስኳር መድኃኒት የሚሸጥ ከሆነ፣ ያንን መድኃኒት ለታካሚ ሲያዝዙ የሚመራዎትን ደንብ ከኮምፕላያንስ ክፍል ይጠይቁ፤ ለታካሚውም የት እንደሚሠሩ ይንገሩት። አሁን ባሉበት ሙከራ ስፖንሰር ዘንድ ሥራ ካመለከቱ ደግሞ፣ ንግግሩ በተጀመረ ዕለት ለዩኒቨርሲቲው የጥቅም ግጭት ቢሮ ያሳውቁ፤ ውሉ እስኪፈረም አይጠብቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስገቡት ታካሚና የሚገመግሙት ክስተት ሁሉ በዚያ ዓይን ስለሚታይ፣ የሳይቱን ውሳኔ ለሌላ ተመራማሪ ያስረክቡ።